የአረብና የአይሁድ ተማሪዎችን ውጤት በጾታ ለይቶ ማነጻጸር፦ የእስራኤልን የትምህርት ሰንጠረዦች አነባበብ

በእስራኤል ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርት፣ ሶሺዮሎጂ ወይም ማኅበራዊ ሥራ የሚያጠና ሰው ይዋል ይደር እንጂ «የአረብና የአይሁድ ተማሪዎች ልዩነት» የሚል የጽሑፍ ሥራ ይደርሰዋል። አብዛኛው ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ ይነሳል፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ፤ ምክንያቱ ደግሞ «ባህል»። እንዲህ ያለው ንጽጽር የሚበላሸው ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። አራት ቦታ መከፈል የነበረበት ሁለት ቦታ ብቻ ስለተከፈለ ነው። አረብ ሴት፣ አረብ ወንድ፣ አይሁድ ሴት፣ አይሁድ ወንድ፤ ከዚህ ያነሰ ሰንጠረዥ ይዘው አይጻፉ። በሁለቱ ወገን በሴትና በወንድ መካከል ያለው ልዩነት በመጠንም ሆነ በአቅጣጫ አንድ አይደለም፤ የጉዳዩ ቁም ነገርም ያለው እዚያ ነው።

በየዓምዱ ውስጥ ማን አለ?

ሥራው የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ግርጌ ካለው ማስታወሻ ነው። «አይሁድ» የሚለው ዓምድ የመንግሥት፣ የመንግሥት ሃይማኖታዊና የሀረዲም (እጅግ ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁዳውያን) ትምህርት ቤቶችን በአንድ ላይ ሊይዝ ይችላል። አብዛኞቹ የሀረዲም ወንዶች ልጆች ከ8ኛ ክፍል በኋላ ወደ የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት) ይገባሉ፤ እዚያ ሒሳብና እንግሊዝኛ እምብዛም ስለሌለ ባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና) አይፈተኑም። የሀረዲም ልጃገረዶች ግን አጠቃላይ ትምህርት ይማራሉ። ስለዚህ ሀረዲም ሲጨመሩ አይሁዳውያን ሴቶች ከወንዶቹ የሚበልጡበት መጠን ከእውነተኛው በላይ ይለጠጣል። በፒዛ (PISA፣ ለ15 ዓመት ተማሪዎች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ምዘና) ደግሞ የሀረዲም ወንዶች ትምህርት ቤቶች አይሳተፉም፤ ሁለቱን ምንጮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሳያውቀው የተለያዩ ሰዎችን እያነጻጸረ ነው። የሚሻለው «ሀረዲም ሳይጨምር» የሚለውን ረድፍ መውሰድና ይህንኑ በጽሑፉ ላይ በግልጽ ማስፈር ነው።

«አረብ» የሚለው ዓምድ ከዚህም የባሰ ልዩነት ይሸፍናል። የክርስቲያን አረቦች የባግሩት ብቃት ከአይሁዳውያኑ አማካይ ጋር ይስተካከላል፤ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። በገሊላ ያለችው የድሩዞች መንደር ቤት ጃን በአገሪቱ ከፍተኛ የባግሩት ውጤት ካላቸው ቦታዎች ጋር ስሟ የሚነሳ ናት። በሌላው ጫፍ የነጌቭ ቤደዊኖች አሉ፤ በተለይ እውቅና ባልተሰጣቸው መንደሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርብ አይገኝም። ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ለብቻው ያጣሩ፤ ብዙ ተማሪዎች እዚያ የሚፈተኑት የፍልስጤሙን ተውጂሂ እንጂ ባግሩት አይደለም።

የእኛ፣ የኢትዮጵያ ተወላጅ አይሁዳውያን፣ ማኅበረሰብ ልጆችም የሚቆጠሩት «አይሁድ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። ማዕከላዊው የስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በስግድ በዓል ሰሞን የኢትዮጵያ ተወላጆችን ቁጥር ለብቻ ያወጣል። ያንን ከአጠቃላዩ የአይሁድ ዓምድ ጋር ያስተያዩት። አማካይ ቁጥር ምን ያህል እንደሚደብቅ ከራስ ቤት ምሳሌ ማየት የሌላውንም ዓምድ በጥንቃቄ ለማንበብ ያግዛል።

መቶኛው ከምን ላይ ወጣ?

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ፤ ቁጥሩ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት የተሰጠ ነው። በአንድ አካባቢ ዕድሜያቸው 17 የሆነ 1,000 ልጆች አሉ እንበል። 900ው 12ኛ ክፍል ደረሱ፣ 850ው ባግሩት ተፈተኑ፣ 600ው ብቁ ሆኑ። ከተፈታኞቹ ከተሰላ 70.6 በመቶ፣ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 66.7 በመቶ፣ ከዕድሜ እኩዮቻቸው 60 በመቶ ይሆናል። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ በየሪፖርቱም ይወጣሉ። ትምህርት አቋርጠው የሚወጡት በብዛት አረብ ወንዶች በሆኑበት አካባቢ፣ ከተፈታኞች የተሰላ መቶኛ የወንዶቹን ችግር ይደብቃል፤ የወጡት ልጆች ከስሌቱ ውጭ ሆነዋልና። ለጾታ ንጽጽር ከዕድሜ እኩዮች የተሰላውን ይምረጡ።

ሌላው ወጥመድ የተማሪዎቹ ስብጥር ነው። በሁለት ትምህርት ቤቶች ሴቶቹ 80 በመቶ፣ ወንዶቹ 50 በመቶ ያልፋሉ እንበል፤ ልዩነት የለም። አንዱ ግን 60 ሴትና 40 ወንድ፣ ሌላው 40 ሴትና 60 ወንድ አለው። ጠቅላላው 68 እና 62 ይወጣል። ስድስቱ ነጥብ የመጣው ከማስተማሩ ሳይሆን ከሴቶቹ ብዛት ነው። በኤስፒኤስኤስ (SPSS፣ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ለሚሠሩ መፍትሔው ቀላል ነው። ሴት=1፣ አረብ=1 ብለው ከሰየሙ በኋላ የሁለቱን ብዜት ሦስተኛ ተለዋዋጭ አድርገው ወደ ሪግሬሽኑ ያስገቡ። ብዜቱ 1 የሚሆነው ለአረብ ሴት ብቻ ስለሆነ፣ ኮፊሸንቱ በአረቦች ዘንድ ያለው የሴቶች ብልጫ በአይሁዶች ዘንድ ካለው በምን ያህል እንደሚለይ ይነግራል። ይህን ሳያስገቡ ጾታንና አረብ ወይም አይሁድ መሆንን ለየብቻ ብቻ ማስገባት የሁለቱን ወገን የጾታ ልዩነት እኩል ነው ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ከ«ብቁ» ባሻገር

የባግሩት ብቃት ቢያንስ 21 ያሂዶት (ብዛታቸው የትምህርቱን ደረጃ የሚያሳይ የጥናት አሃዶች) ይጠይቃል። ባለ 3 ያሂዶት ሒሳብ የያዘና ባለ 5 የያዘ ሁለቱም «ብቁ» ይባላሉ፤ የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ስለዚህ «የዩኒቨርሲቲን ዝቅተኛ መስፈርት ያሟላ» የሚለውን ረድፍም ይውሰዱ። ይህ መስፈርት ቢያንስ ባለ 4 ያሂዶት እንግሊዝኛን ይጨምራል፤ ብዙ አረብ ተማሪዎች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ልጁ ቤት ውስጥ የሚናገረው አረብኛ፣ ትምህርት ቤት የሚያነበው የጽሑፍ አረብኛና ዕብራይስጥ ተጨምረው እንግሊዝኛ አራተኛ ሆኖ ይመጣል።

ፊዚክስን በተለይ ይመልከቱ። በዕብራይስጥ ትምህርት ቤቶች ባለ 5 ያሂዶት ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚወስዱ ሴቶች ከወንዶቹ በቁጥር ያንሳሉ፤ በአረብኛ ትምህርት ቤቶች ግን ነገሩ ተገልብጦ ሴቶቹ ይበዛሉ። «ወግ አጥባቂ ማኅበረሰብ ሴቶችን ከሳይንስ ያርቃል» የሚለው የተለመደ ግምት እዚህ አይሠራም። በአረብ ትምህርት ቤቶች የሚመረጡ የትምህርት ዘርፎች ጥቂት ናቸው፤ ጎበዝ ተማሪ ሴትም ሆነ ወንድ ወደ ሳይንስ ይላካል። ይህን የተገለበጠ ልዩነት ያላካተተ ጽሑፍ ስለ ጉዳዩ ዋናውን ነገር አላነሳም።

የፒዛን ነጥብ ሲጠቅሱ

በ2018 በንባብ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች 506፣ አረብኛ ተናጋሪዎች 362 አገኙ፤ በሒሳብ 490 እና 379። ልብ ይበሉ፣ ክፍፍሉ በፈተናው ቋንቋ እንጂ በሃይማኖት አይደለም። በዚያው ዓመት በአገር ደረጃ ሴቶች በንባብ ወንዶችን በ48 ነጥብ በልጠዋል። ይህ የአገር አማካይ ስለሆነ አረቦችን ወይም አይሁዶችን ለብቻ ለመግለጽ አይጠቅምም። በየቋንቋው የተለየውን የጾታ ሰንጠረዥ ከራማ፣ ማለትም ከብሔራዊው የትምህርት ምዘና ባለሥልጣን ሪፖርት ያውጡ። የንባቡ ክፍተት ከሒሳቡ የሰፋው በንግግርና በጽሑፍ አረብኛ መካከል ባለው ርቀት ጭምር ነው፤ ይህን ጉዳይ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ኤሊኖር ሳየግ ሃዳድ ለዓመታት አጥንተውታል።

ዕድሜና ከፍተኛ ትምህርት

አብዛኞቹ አይሁዳውያን ወጣቶች ወደ ጦር ሠራዊት ስለሚሄዱ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ዘግይተው ነው። አብዛኛው አረብ ወጣት አይመለመልም (ድሩዝ ወንዶች ይመለመላሉ፣ ሴቶቻቸው አይመለመሉም)፤ በ18 እና በ19 ዓመቱ ይገባል። የ20 ዓመት ወጣቶችን ብቻ ማነጻጸር ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ እስከ 30 ዓመት ያለውን ይያዙ። ከአረብ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ይህን ከመተርጎምዎ በፊት ግን ብዙ አረብ ተማሪዎች ወደ ዮርዳኖስ፣ ወደ ዌስት ባንክና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄደው እንደሚማሩና በእስራኤል የተማሪ ቆጠራ እንደማይገኙ ያስታውሱ።

«ባህል» የሚለው ቃል መቼ ይጻፍ?

በመጨረሻ ብቻ። አስቀድሞ የወላጆች ትምህርት፣ ገቢ፣ የትምህርት ቤቱ ርቀትና በጀት ይጣራ። ለዚህ የትምህርት ሚኒስቴሩ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን የማሳደጊያ መለኪያ (መዳድ ቲፑዋሕ) ይጠቀሙ፤ ከ1 እስከ 10 ሲሆን 10 ከፍተኛ ድጋፍ የሚያስፈልገው ነው። ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉትን አረብና አይሁድ ትምህርት ቤቶች ብቻ ያነጻጽሩ፤ ከክፍተቱ ብዙው እዚያው ሲጠብ ያያሉ። የነጌቭ ቤደዊን ልጃገረዶች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲዋ ሳራብ አቡ ራቢያ ቀደር አጥንተዋል። አባት ልጁን ሩቅ ቦታ፣ ከሌላ ነገድ ወንዶች ጋር ወደሚያገናኛት ትምህርት ቤት ለመላክ ሲያመነታ ባህሉ ይታያል፤ ርቀቱን የፈጠረው ግን የትምህርት ቤቱ አለመኖር ነው። ሁለቱንም ይጻፉ።

መጠይቅ የሚበትኑ ከሆነ በዕብራይስጥ የተዘጋጀውን ወደ አረብኛ አስተርጉመው፣ በሌላ ሰው ወደ ዕብራይስጥ መልሰው ያስተርጉሙና ያስተያዩ። «ትምህርት ያስደስትሃል?» ለሚል ጥያቄ አረብኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ነጥባቸው ዝቅ ብሎም ከፍ ያለ መልስ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ የአመለካከት አማካዮችን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ሳይሆን በየቋንቋው ውስጥ በሴትና በወንድ መካከል ያነጻጽሩ። አስተማሪው ከክፍል ይውጣ፤ ለልጃገረዶች ሴት ጠያቂ ይመደብ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚደረግ ጥናት ከትምህርት ሚኒስቴር ዋና ሳይንቲስት ቢሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። የወላጆች ስምምነት ቅጽም በሁለቱም ቋንቋዎች መዘጋጀት አለበት፤ የአረብኛው ቅጽ ለአንባቢ ቀላል በሆነ ቋንቋ ካልተጻፈ የሚመለሰው የተማሩት ወላጆች ቅጽ ብቻ ይሆንና ናሙናው ገና ሳይጀመር ያዘነብላል።