ልጁ አልተኛም ሲል አሻንጉሊቱን ሆዱ ላይ

መብራት ጠፍቶም አልጋ ላይ ለሚዘል ልጅ «በረጅሙ ተንፍስ» ማለት ብዙም አይረዳም። የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሲባል ትከሻውን ሰቅሎ ደረቱን ይነፋል፤ እንዲያውም ይበልጥ ይነቃል።

ይልቅ በጀርባው አስተኙትና ትንሽ፣ ቀላል አሻንጉሊት እምብርቱ ላይ አስቀምጡለት። ከሌለ የተጠቀለለ ካልሲም ይሆናል። ሥራው አሻንጉሊቱን ማስተኛት ነው በሉት። አየር በአፍንጫው ሲያስገባ አሻንጉሊቱ ከፍ ይላል፣ ሲያወጣ ይወርዳል። ዋናው አወጣጡ ነው፤ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው በቀስታ እፍ ይበል። መቁጠር አያስፈልግም፣ አሻንጉሊቱ እንዳይወድቅ ብቻ ይጠንቀቅ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ አብራችሁት ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ቀድማችሁት እንዳትተኙ እንጂ።

አየር ማውጣቱ ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። በዮጋ የሆድ አተነፋፈስ የሚሉትም ይኸው ነው። ልጁ ግን ይህን ማወቅ የለበትም። የሚያየው ነገር ስላገኘ ዓይኑም ሐሳቡም እዚያው ይቆያል።

እያለቀሰ ወይም እየተናደደ ባለበት ሰዓት ግን አትጀምሩት፤ ያኔ የሚሻለው ማቀፍ ነው። አስቀድሞ ቀን ቀን እየተጫወተ ይልመደው። «ትንፋሽህን ያዝ» አትበሉት። አፍንጫው ከታፈነ ወይም አስም ከተነሳበት ለዚያ ቀን ይቅር። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።