የድሮውና የአሁኑ እረኛ አንድ ሰው እንዲመስሉ ያደረግሁት

ደብረ ብርሃን ሆኜ ለዓመታት የምሥለው የአንድ የመንዝ እረኛ የካርቱን ታሪክ አለኝ። ክፍሎቹን በአንድ ጥራዝ ላሰባስብ ስል የመጀመሪያው እረኛና የአሁኑ የማይተዋወቁ ሰዎች መሰሉ፤ ጭንቅላቱ አንሷል፣ እግሩ ረዝሟል፣ መስመሩም ቀጥኗል። ለውጡ በራሱ ያለ ነገር ነው። ታዋቂው የአሜሪካ የካርቱን ውሻ ስኑፒ እንኳ በ1950 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በአራት እግሩ የሚሄድ ቡችላ ነበር፤ በሁለት እግሩ የቆመው በኋላ ነው።

ከየዘመኑ አንዳንድ ሥዕል መርጬ በስስ ወረቀት ገለበጥኩና ውስጡን በሙሉ ጥቁር ቀለም ሞላሁት። ፊቱ ሲጠፋ ያልተለወጠው ነገር ጎልቶ ወጣ፦ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለችው የበርኖሱ ጫፍና ከማጅራቱ ላይ አግድም የተጋደመው ዱላ። እረኛዬን የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው፤ ዓይንና አፍንጫ እንደፈለጉ ቢለወጡ ግድ የለም። ከዚያ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሣልኩት፤ ቁመቱን በአምስት ጭንቅላት ልክ ወስኜ ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ፊት ለጠፍኩ።

የድሮዎቹን ገጾች አልነካኋቸውም። የጀማሪ እጅ ድፍረት በኋላ ስለማይገኝ በጣም እወዳቸዋለሁ። ሽፋኑንና የየምዕራፉን መክፈቻ ብቻ በአዲሱ መለኪያ ሥዬ፣ በየገጹ ግርጌ ዓመቱን ጻፍኩ። አሁን እረኛው ከገጽ ገጽ ቀስ እያለ ሲያድግ ይታያል።