አጭር ተውኔት እንዴት ይጻፋል? ከሐዋሳ ዓሣ ገበያ የተወሰደ ልምምድ

ተውኔት ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመልእክቱ ስለሚጀምር ገጸ ባሕርያቱ ሰባኪዎች ሆነው ይቀራሉ። አንድን ነገር አጥብቆ ከሚፈልግ ሰው መጀመር ይሻላል።

በመጀመሪያ መቼቱን፣ ማለትም ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ ይወስኑ። ለልምምዳችን በሐይቁ ዳር ያለውን የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በማለዳ እንውሰድ። (በገበያው የሚያንዣብቡትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ መድረክ ላይ ለማሳየት መድከም አያስፈልግም፤ ተዋናይዋ ቀና ብላ «እሽ!» ስትል ተመልካቹ በራሱ ያያቸዋል።)

ቀጥሎ ግጭቱን ይፈልጉ። ግጭት ማለት ጠብ ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ፍላጎቶች አብረው ሊሟሉ ባለመቻላቸው የሚፈጠር ውጥረት ነው። ዓሣ ሻጯ ለልጇ ደብተር መግዣ ዛሬውኑ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ ደንበኛዋ ደግሞ እንደ ወትሮው በዱቤ መውሰድ ይፈልጋል። ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ድራማውን የሚያጠነክረውም ይኸው ነው። ደንበኛው የወንድሟ የልብ ጓደኛ ከሆነ ደግሞ ሻጯ ከራሷም ጋር ትጋጫለች።

ከዚያ ሴራውን፣ ማለትም የክስተቶቹን ቅደም ተከተልና ትስስር ያዋቅሩ። አርስቶትል ከዘረዘራቸው ስድስት የትራጀዲ (የአሳዛኝ ተውኔት) አላባውያን፣ ከሴራ፣ ከገጸ ባሕርይ፣ ከሐሳብ፣ ከቋንቋ፣ ከዜማና ከትርኢት፣ ያስቀደመው ሴራን ነው። «ደንበኛው መጣ፤ ከዚያም ሄደ» ሴራ አይደለም፤ «ሻጯ እምቢ ስላለችው የቆየ ውለታ አነሣባት» ግን ክስተቶቹን በምክንያትና በውጤት ያያይዛል። ውጥረቱ የመጨረሻው ከፍታ ላይ የሚደርስበት ቦታ ጡዘት ይባላል። ለእንዲህ ያለ አጭር ታሪክ በትዕይንቶች (በትንንሽ ክፍሎች) ያልተከፋፈለ አንድ ገቢር፣ ማለትም አንድ የተውኔት ዐቢይ ክፍል፣ ይበቃል።

አሁን ቃለ ተውኔቱን ይጻፉ፦

ደንበኛ፦ እህቴ፣ ሁለት ቆሮሶ ጠቅልዪልኝ።
ሻጭ፦ (ቢላዋዋን አስቀምጣ) የባለፈውስ?
ደንበኛ፦ የዛሬው ትኩስ ነው?

ደንበኛው ጥያቄውን ባለመመለሱ ዕዳ እንዳለበት ማንም ሳይነግረን አወቅን። በቅንፍ ያለው የመድረክ መመሪያ ሲሆን፣ የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ይጻፍበታል፤ «ሻጯ የሰኞውን ዕዳ አስታወሰች» የሚለውን ማንም ሊተውነው አይችልም። ገጸ ባሕርይዋ ብቻዋን ቀርታ ሐሳቧን ጮክ ብላ ብትናገር መነባንብ ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ጸሐፊው ራሱ የሚሰብክበት ቀዳዳ ይሆናልና።

በመጨረሻም ሁለት ወዳጆችዎን አስቀምጠው ያስነብቧቸው፣ እርስዎም ምንም ሳያብራሩ ያድምጡ። ምላሳቸው የተያዘበትን ዐረፍተ ነገር ያሳጥሩና ሁለቱን አስቁመው በእንቅስቃሴ ያለማምዷቸው፤ ተዋንያኑን የሚመራው የአዘጋጁ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።