አጓሪው እንጨት አላጓራ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በገመድ ጫፍ ታስሮ በአየር ላይ ሲሽከረከር እንደ ኮርማ የሚያጓራው ስስ እንጨት ከሰው ልጅ እጅግ ጥንታዊ የድምፅ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የጥንት ግሪኮች ሮምቦስ፣ እንግሊዞች ቡልሮረር ብለውታል፤ በፈረንሳይ ላሊንድ አካባቢ የተገኘው፣ ሬንዲር ከተባለው የበረዶ አገር አጋዘን ቀንድ የተሠራውና በቀይ አፈር የተቀባው ደግሞ ከ10,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በዚህ ጽሑፍ አጓሪ እያልኩ እጠራዋለሁ።

ጎጃም ውስጥ ወንጭፍ አዙሮ ከማሳ ወፍ ያባረረ ወይም ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው የእጁን እንቅስቃሴ ለመልመድ አይቸገርም። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲወነጨፍ ነው፤ አጓሪ ግን ይህን ያህል ፍጥነት አይሻም፤ የሚሻው ሁለት ዙር ነው። አንደኛው እጅ የሚያዞረው ትልቁ ክብ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንጨቱ እንደ እንዝርት በራሱ ላይ የሚሾርበት ትንሹ ዙር ነው። ጉርምርምታው የሚወለደው አየሩን ከሚመታው ከዚህ ከሁለተኛው ዙር ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ዙር የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ገመዱ ስለሆነ፣ ብልሽት ሲያጋጥም እንጨቱን ከመጥረብ በፊት ገመዱን መመርመር ይገባል።

«ሽው» ይላል እንጂ አያጓራም

ማዞርዎን ያቁሙና የገመዱን ጫፍ ከፍ አድርገው ይዘው እንጨቱን ወደ ታች ያንጠልጥሉት። እንጨቱ ወዲያውኑ በራሱ መሾር ከጀመረ ገመዱ ከርሮ ነበር ማለት ነው፤ ችግሩም ወደ ታች ከምገልጸው ከእንጨቱ ቅርጽ ነው። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ግን እንጨቱ ከመጀመሪያውም አልሾረም።

ያልሾረበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የገመዱ ድርቅና ነው። የመጀመሪያውን አጓሪዬን ከወይራ ጠርቤ፣ በቃጫ ገመድ አስሬ፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ጤፉ በተነሳለት ማሳ ላይ ግማሽ ቀን አዙሬዋለሁ፤ ከሽውታ በቀር ምንም አላሰማም። እንጨቱን ሁለት ጊዜ አሳሳሁት። በመጨረሻ ከማሳው ዳር ሆነው ሲመለከቱኝ የቆዩ አንድ አዛውንት ቃጫውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለማክረር ሞከሩና፣ በጣት የማይከር ገመድ በንፋስ እንዴት ይከራል ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ገመድ የምመርጠው በዚሁ ፈተና ነው፤ በሁለት ጣት ሲያከሩት ሳይታገል የሚከር፣ ሲለቁት ደግሞ በፍጥነት የሚፈታ መሆን አለበት። ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የተጎነጎነ የናይሎን ገመድ ወይም ጠንካራ የጥጥ ሲባጎ በአንድ ሜትር ርዝመት ይበቃል።

ገመዱ ልስልስ ሆኖም እንጨቱ ካልሾረ የጎደለው መነሻ ነው። ከማዞርዎ በፊት እንጨቱን በእጅዎ ከ15 እስከ 20 ጊዜ አሹረው ገመዱን ያክርሩ፤ ከዚያም ሳይፈታ ወዲያውኑ ያዙሩት። ገመዱ ሊፈታ ሲል እንጨቱን ያሾረዋል፣ ቀሪውን ንፋሱ ይረከባል።

ይሾራል፤ ድምፁ ግን ደካማ ነው

ለመነሻ የሚስማማው ልክ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ጠርዙ እንደ ሳጥን ክዳን አራት ማዕዘን ሆኖ ከቀረ አየሩን በንጽሕና ስለማይቆርጥ፣ ሁለቱንም ረጃጅም ጠርዞች በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ከሁለቱም ገጽ ያሳሱ፤ መሐሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ይሁን። ዋንዛ ቀላልና ለሥራ ገር በመሆኑ ከወይራ ይልቅ እመርጠዋለሁ። ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን በሳምንት ውስጥ ይጣመማል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጡ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በቆላ የሚያጓራ እንጨት ደጋ ላይ ቢለግም ፍጥነቱን መጨመር ወይም ሰፋ ያለ እንጨት መጠቀም ነው። ስፋት ሲጨምር እንጨቱ ቀስ ብሎ ስለሚሾር ድምፁ ይወፍራል፤ ድምፁ ከመጠን በላይ የቀጠነባቸውም ይህንኑ መንገድ ይከተሉ።

ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል

ይህ ጉድለት አይደለም። ገመዱ እስከ መጨረሻው ሲከር እንጨቱን ያቆመዋል፣ ከዚያም በተቃራኒው ያሾረዋል፤ መሐል ላይ ያለችው ዝምታ የመመለሻዋ ቅጽበት ናት። ክፍተቱ እንዲራዘም ከፈለጉ ገመዱን ያርዝሙ። ሆኖም አንደኛው ወገን ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ ከተሰማ ገመዱ ያልተጎነጎነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተገመደ መሆኑን ያመለክታል፤ በአንዱ ወገን ሲሾር ይጠብቃል፣ በሌላው ይላላል። እንዲህ ያለው ገመድ ቶሎ ስለሚበላ ይለውጡት።

ንፋስ ሲነሳ እንጨቱ ይወድቃል

በራስ ላይ አግድም በሚዞር ክብ ውስጥ፣ እንጨቱ በግማሹ ዙር ከንፋሱ ጋር ይጋጠማል፣ በግማሹ ደግሞ ንፋሱን ተከትሎ ይሮጣል። በተከተለበት ወገን አየሩ ስለማይመታው ሹረቱ ይሞታል፣ ገመዱም ይረግባል። መፍትሄው ክቡን ከአግድም ወደ ቁመት መለወጥ ነው፦ የግራ ትከሻዎን ለንፋሱ ሰጥተው ይቁሙና በቀኝ እጅዎ፣ በጎንዎ በኩል፣ እንደ ጋሪ ጎማ ቀጥ አድርገው ያዙሩት። ንፋሱ በዙሩ ሁሉ እኩል ይመታዋል፤ እንጨቱንም ከአካልዎ ያርቀዋል እንጂ አያስጠጋውም። በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ለምሳሌ ከደጀን በታች፣ ንፋሱ ከሥር ወደ ላይ ስለሚገፋ ይህም ዘዴ አይሠራም፤ ከአፋፉ ራቅ ማለት ይሻላል።

ገመዱ ቀዳዳው ላይ ይበጠሳል

ይህ ከሁሉ አሳሳቢው ነው። አርባ ግራም የሚመዝን እንጨት በአንድ ሜትር ገመድ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ቢዞር ገመዱን ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ክብደት እንደተንጠለጠለበት ያህል ይስበዋል፤ ቢበጠስ ደግሞ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይወነጨፋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀዳዳው ስለት ነው። ቀዳዳውን ከጫፉ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ አድርገው ይብሱ፣ አፉን በሁለቱም ገጽ በጋለ ሚስማር ወይም በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፣ ቋጠሮውንም ከመጫወትዎ በፊት ሁልጊዜ ይፈትሹ። በ40 ሜትር ዙሪያ ሰውም ከብትም አይኑር፤ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ መቁጠሩ አይከፋም።

በክረምት የጥጥ ገመድ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። በጥቂት ሰም ማሸት ይረዳዋል፤ ሰሙ ከበዛ ግን ወደ ቃጫው ድርቅና እንመለሳለን።

ከብቶቹ ይደነግጣሉ

ወፍራም ድምፅ ሩቅ ስለሚሰማ የተጠመደ በሬ ባለበት አካባቢ አይጫወቱ። ከንብ ቀፎም ይራቁ፤ በደቡብ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች ይህንኑ መሣሪያ ንቦችን ለማስነሳት ይጠቀሙበት እንደነበር ተመዝግቧል።

ሲያቆሙ እንጨቱ ቅልጥም ይመታል

እጅን በድንገት ማቆም ነው ምክንያቱ፤ ገመዱ ሲረግብ እንጨቱ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። ክንድዎን ወደ ጎን ዘርግተው ፍጥነቱን በአራት አምስት ዙር ቀስ በቀስ ይቀንሱ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ከዚያም እንጨቱ ከእግርዎ ርቆ ሣሩ ላይ እንዲያርፍ ክንድዎን ዝቅ ያድርጉ።