ዕቃ ወደ አገር ቤት ስትልኩ፦ ሁለቱ ዲክላራሲዮኖች ሲተያዩ

ወደ አገር ቤት የሚላክ ዕቃ በሁለት ጉምሩክ ያልፋል። ባላችሁበት አገር የወጪ ዲክላራሲዮን (ከአገር ስለሚወጣው ዕቃ ለጉምሩክ የሚቀርብ መግለጫ) ይሞላል፤ አገር ቤት ደግሞ የገቢው ይቀርባል። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ለጭነት ድርጅቱ ትቶ ኮፒውን እንኳ አይጠይቅም። አገር ቤት ጥርጣሬ ሲነሳ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት በአንቀጽ 12 ይህን ይፈቅዳል። አንድ ጉምሩክ የቀረበለትን ዲክላራሲዮን እውነተኛነት ከተጠራጠረ፣ መጀመሪያ በራሱ አጣርቶ፣ ለሌላው አገር ጉምሩክ በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል። ተጠያቂው በተቻለ መጠን በ90 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ከስምምነቱ ውጪ ያሉ አገሮችም በሁለትዮሽ የጉምሩክ ትብብር ውል ተመሳሳይ መረጃ ይለዋወጣሉ።

ስለዚህ ዕቃው ተለቀቀ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። መልሱ ከወራት በኋላ ደርሶ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ መቅረቡ ከታወቀ፣ የቀረጡ ልዩነትና ቅጣቱ የሚጠየቀው በገቢው ዲክላራሲዮን ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ እናንተ ሳትሆኑ ዕቃውን በውክልና የተቀበለላችሁ ወንድም ወይም እህት። «ቀረጥ እንዲቀንስለት» ተብሎ የሚሠራ ኢንቮይስ (የዕቃው ዋጋ ሰነድ) ውለታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

ማጭበርበር ሳይኖር ጥርጣሬ የሚፈጥሩ ልዩነቶችም አሉ። ዋናው የማጓጓዣ ሒሳብ ነው። የወጪው ዲክላራሲዮን ላይ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሲጻፍ፣ በብዙ አገሮች የገቢው ቀረጥ የሚሰላው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተደምሮ ነው። ልዩነቱን የሚያስረዳው የማጓጓዣው ደረሰኝ ስለሆነ ከኢንቮይሱ ለይታችሁ አሠሩት። ሁለተኛው የኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም የዕቃውን ዓይነት የሚለየው ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ቁጥር ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ሥርዓቱን በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ይለያያሉ። 6ቱ ካልተመሳሰሉ የጉምሩክ አስተላላፊው የገቢውን ዲክላራሲዮን ሳያስገባ አስቁሙት። አዲስ ዕቃ «የግል መገልገያ» ተብሎ ወጥቶ አገር ቤት በሌላ ስም ከቀረበ ማስረዳት ይከብዳል። የስም አጻጻፍም ቀላል አይደለም፤ ኢንቮይሱም፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉም (የጭነት ሰነዱ)፣ ውክልናውም ፓስፖርቱን ይከተሉ።

ለመኪና የሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀት ሳይሆን ከመኪናው ላይ ፎቶ አንሱ። ባለ 17 ምልክቱ ቁጥር ‹አይ›፣ ‹ኦ› እና ‹ኪው› የተባሉትን የላቲን ፊደላት አይጠቀምም፤ ወረቀታችሁ ላይ ‹ኦ› ካያችሁ ዜሮ ነው፣ አሳርሙት።

ስህተት ካገኛችሁ መጀመሪያ የወጪውን ዲክላራሲዮን በላኪው አገር አስተካክሉ። ማስተካከያው የገቢው ሳይቀርብ መድረስ አለበት፤ ዕቃው ለፍተሻ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣ እርማት እንደ ማምለጫ ሊታይ ይችላል።