ሳይጋቡ ኖሮ መለያየት፦ በእንግሊዝ ቤቱ የማን ነው?

"አስር ዓመት አብረን ኖረናል፣ ግማሹ የኔ ነው።" ለንደን ላይ ይህን የሚል አበሻ ልቡ ያለው አገር ቤት ሕግ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ሳይጋቡ ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩትን የጋራ ያደርገዋል። የእንግሊዝና ዌልስ ሕግ ግን ዓመት አይቆጥርም። ስለዚህ ከጭቅጭቁ በፊት ከላንድ ሬጅስትሪ (የቤትና የመሬት ባለቤትነት ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት) የቤቱን መዝገብ ቅጂ ያውጡ፤ ጥቂት ፓውንድ ነው።

ችግር፦ መዝገቡ ላይ ስሜ የለም፣ ግን ስከፍል ኖሬያለሁ

ምክንያቱ፦ አብሮ መኖር ብቻውን ድርሻ አያስገኝም። እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰነው የበርንስ ጉዳይ፣ 19 ዓመት አብራ የኖረችና ሁለት ልጆች ያሳደገች ሴት ከቤቱ ሰባራ ሳንቲም አላገኘችም። አስቤዛውም የቀባችው ግድግዳም አልረዳት። ለኔ ግፍ ነው።

መፍትሄው፦ "ቤቱ የሁለታችን ነው" የተባባላችሁበትን መልእክት ይፈልጉ፤ ያንን አምነው ያወጡትንም ያሳዩ። ለዲፖዚትና ለሞርጌጅ ከሂሳብዎ የወጣ ገንዘብ ትልቅ ክብደት አለው። በየወሩ ሲልኩ "ኪራይ" ብለው ጽፈው ከሆነ ግን በራስዎ ላይ መስክረዋል።

ችግር፦ የሁለታችንም ስም አለ፣ ግን አብዛኛውን የከፈልኩት እኔ ነኝ

ምክንያቱ፦ ድርሻው ካልተጻፈ መነሻው እኩል ነው። ቤቱ ሲገዛ የተሞላውን ቲአር ዋን ፎርም ያግኙ፤ ድርሻችሁ እዚያ ከተጻፈ ክርክሩ ባብዛኛው አልቋል። ካልተጻፈ የጆንስና ኬርኖት ጉዳይ አለ፦ ሰውየው (ኬርኖት) በ1993 ከቤቱ ወጥቶ ጆንስ ከ14 ዓመት በላይ ሁሉንም ስለከፈለች፣ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 90 በመቶውን ለእሷ አጸና።

ችግር፦ አልሸጥም አለ

በ1996ቱ የመሬት አደራ ሕግ አንቀጽ 14 ፍርድ ቤት ሽያጭ ሊያዝ ይችላል። የተረታ ባብዛኛው የረቺውንም ወጪ ስለሚከፍል መጀመሪያ ሽምግልና ይሞክሩ።

ችግር፦ በቁርባን (ወይም በኒካህ) ተጋብተናል፣ ግን እንዳልተጋባን ቆጠሩን

እንግሊዝ ውስጥ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱ በሕግ ካልተመዘገበ እንደ ፍቅረኛ ነው የምትታዩት። አዲስ አበባ በሕጉ መሠረት የተፈጸመ ጋብቻ ግን እዚህም ይጸናል፤ ሰርተፍኬቱን ያስመጡ።

ችግር፦ ተናድጄ "ቤቱን ውሰጂው" ብዬ ኢሜይል ጻፍኩ

ይህ ቀልድ አይደለም። በ2022 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አንድ ሰው ለቀድሞ ፍቅረኛው በላከው ኢሜይል ግርጌ የጻፈውን ስም እንደ ፊርማ ቆጥሮ ድርሻውን በሙሉ ለሴትዮዋ ሰጥቷል። ከላኩት ዛሬውኑ ሶሊሲተር (የሕግ ባለሙያ) ያማክሩ። ካልላኩት ድራፍት ውስጥ ይተኛ።