ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላይ አውቶክሮስ ስታዘጋጁ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

አውቶክሮስ በአጭሩ ሰፊ ሜዳ ላይ በኮን መንገድ ሰርታችሁ መኪና ተራ በተራ እየገባ ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ጨዋታ ነው፣ ጎን ለጎን መሽቀዳደም የለም፣ ቪትዝ ያለውም ኮሮላ ያለውም ላዳ ያለውም ይገባል። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ መኪና የምንወድ ልጆች ተሰባስበን ስንሰራው ቆይተናል፣ አሁን ከሸዋ ሮቢትም ከመሃል ሜዳም እኛም ጋ እንጀምር ምን እናድርግ የሚል ሰው ስለበዛ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙልኝ። ችግር ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄ ነገር የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁሉም የሚለውን ነው። የአንድ ሰው ከሆነ ሹፌሩን ወይ መኪናውን እዩ፣ ሁሉም እዛው ቦታ ላይ ከተቸገረ ግን ጥፋቱ የመንገዱ ነው፣ መንገዱን የሰራው ደግሞ አዘጋጁ ነው፣ ስለዚህ ሹፌር ላይ አትጩሁ።

ሁሉም መኪና እዛው ኮን ላይ ይመታል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው፣ ወይ በሩ (መኪናው በመሃላቸው የሚያልፍባቸው ሁለት ኮኖች) ጠቧል ወይ ኮኖቹ ተቀራርበዋል። የበር ስፋት ከ4.5 ሜትር በታች እንዳይሆን፣ እኛ ጀማሪ ሲበዛ 5 ሜትርም እናደርገዋለን። ግራ ቀኝ እያሉ የሚሽሎኮለኩበት ተርታ ላይ ደግሞ በኮንና ኮን መሃል ከ14 ሜትር አትውረዱ፣ ለኛ መኪኖች 18 ሜትር አካባቢ ነው ጥሩው። ለምን ብትሉ በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይበላል፣ ስለዚህ 18 ሜትር ላይ ሹፌሩ ለእያንዳንዱ ኮን ያለው አንድ ሰከንድ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፣ ከዛ ካሳነሳችሁት መሪ አዙሮ ለመመለስ ጊዜ የለውም።

ርቀቱም ስፋቱም ትክክል ሆኖ አሁንም የሚመታ ከሆነ ወርዳችሁ መሬቱን እዩ። ኮኑ ፊት አስፋልቱ ላይ አሸዋ ተከማችቶ ይሆናል ወይ የዘይት ጠብታ ይኖራል። መጥረጊያ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው መመደብ ኮን ከመጨመር ይሻላል። በተለይ ሰለክት (ጠጠር ያለው የመንገድ አፈር) የለበሰ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከጥቂት ዙር በኋላ የመታጠፊያው ውጪ በኩል ጠጠር ይቆለላል፣ ጠዋት የያዘው መሬት ከሰዓት አይይዝም፣ በዙር መሃል አቁማችሁ በአካፋ መመለስ ነው።

የጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ግን አትስሩ። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጎማ በጎን እየተንሸራተተ ሄዶ ስንጥቁ ውስጥ ከገባ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል፣ ይሄ በኮን አቀማመጥ የሚስተካከል ነገር አይደለም፣ ሜዳ ቀይሩ።

መኪኖቹ ካሰባችሁት በላይ ይፈጥናሉ

ሹፌሮቹ 3ኛ ማርሽ ማስገባት ከጀመሩ ቀጥታችሁ ረዝሟል። በወረቀት ላይ ስትስሉት አይታይም፣ ሜዳው ላይ ነው የሚታወቀው። መፍትሄው ቀጥታው መሃል ላይ አንድ በር ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ያኔ ሹፌሩ እግሩን ከጋዙ ለማንሳት ይገደዳል። እኛ ፍጥነቱን በሰዓት 60 ኪሎሜትር ላይ ነው የምንቆርጠው። ደረቅ አስፋልት ላይ በ60 የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም ወደ 20 ሜትር ይፈልጋል፣ 80 ላይ ወደ 36 ሜትር ይሆናል፣ ጠጠር ላይ ደግሞ የሁለቱም እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ፍጥነት ትንሽ ሲጨምር ማቆሚያው በብዙ ነው የሚረዝመው፣ ይሄን ያልተረዳ ሰው መንገድ እንዲስል አትፍቀዱለት።

መጨረሻው መስመር ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ሰው ሰዓት ለማትረፍ መስመሩን በሙሉ ጋዝ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ከመስመሩ በፊት መታጠፊያ አድርጉለት፣ ከመስመሩ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 50 ሜትር ባዶ ቀጥታ ተዉለት። ተመልካች፣ የቆመ መኪና፣ ሻይ የምትሸጥ እናት፣ ማንም ከዛ አቅጣጫ እንዳይኖር። የመብራት ምሰሶ፣ አጥር፣ ቦይ ካለ ደግሞ መንገዱ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቀው፣ መኪናው ፈጥኖ ወደዛ አቅጣጫ የሚታጠፍ ከሆነ ከዛም በላይ።

አዲስ የገቡት መንገድ ይጠፋቸዋል

ቆማችሁ ስታዩት ግልጽ የሆነ መንገድ ቪትዝ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስታዩት የኮን ጫካ ነው። ቁጢጥ ብላችሁ በሹፌር ዓይን ከፍታ እያያችሁ ዙሩት፣ ቀጥሎ ያለው በር የማይለይበት ቦታ ካለ ኮን አትጨምሩ፣ ቀንሱ። ከበሩ ጎን አንድ ኮን አስተኝታችሁ ጫፉ ማለፊያውን እንዲጠቁም አድርጉ፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ግራና ቀኙን በኖራ መስመር አስምሩ። ኖራውን ዱቄቱን አትበትኑት ንፋሱ ይወስደዋል፣ በውሃ በጥብጣችሁ በብሩሽ። ከዛ ጠዋት ሁሉም ሰው ሳይነዳ በእግሩ ይዙረው፣ ጀማሪዎቹን ልምድ ያለው ሰው ይዟቸው ይዙር።

ሰዓትና ቅጣት ላይ ጭቅጭቅ

ሁለት ሰው በስልክ ስቶፕዋች ይዞ ከሆነ የምትቆጥሩት ጭቅጭቁ አይቀርም፣ የሰው እጅ ሁለት አስረኛ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ያለ ነገር ነው፣ አንደኛና ሁለተኛው ደግሞ ከዛ ባነሰ ነው የሚለያዩት። አቅም ካላችሁ መነሻና መድረሻ ላይ በጨረር የሚቆጥረውን ግዙ ወይ ተከራዩ። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ያብዳል፣ ያለ መኪና ይቆጥራል ወይ መኪና አልፎ ዝም ይላል። ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ብቻ ከሆነ ፀሐይ በቀጥታ ተቀባዩ ዓይን ውስጥ እየገባች ነው፣ ላኪና ተቀባዩን ቦታ አለዋውጧቸው። ቀኑን ሙሉ ከሆነ እግሩ በንፋስ እየተነቃነቀ ነው፣ የአሸዋ ከረጢት ጫኑበት። ጨረሩ የመኪናው ፓራውልት ከፍታ ላይ ይሁን፣ በጣም ዝቅ ካለ ጠጠርና ሳር ይቆጥራል። ስቶፕዋች ብቻ ካላችሁ መድረሻው ላይ ሦስት ሰው አቁሙና መሃለኛውን ቁጥር ውሰዱ።

ኮን ላይ የሚነሳው ክርክር የባሰ ነው። ተመታ ግን አልወደቀም፣ ተንቀሳቀሰ ግን ቆሟል፣ ምን እንበለው? እያንዳንዱ ኮን ስር ዙሪያውን በጠመኔ ሳጥን አስምሩ። ኮኑ ቆሞ የሳጥኑን መስመር ትንሽም ቢነካ ቅጣት የለም፣ ከወደቀ ወይ ሙሉ በሙሉ ከሳጥኑ ከወጣ 2 ሰከንድ ይጨመራል። በር የዘለለ ዙሩ አይቆጠርለትም። ከሱ በፊት የነበረው የጣለው ኮን ሳይነሳ የገባ ሹፌር ግን ቆሞ ኮኑን በእጁ ይጠቁም፣ እንደገና ይነዳል። ይሄን ጠዋት ለሁሉም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ቡና ላይ ሆናችሁ ለአንድ ለሁለቱ አይደለም፣ ማታ የሚነሳው ጠብ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ካልተነገረ ህግ ነው።

ቀኑ አለቀ፣ ሰው የነዳው ሁለት ዙር ብቻ ነው

ሂሳቡን እንየው። 30 መኪና አራት አራት ዙር ቢነዳ 120 ዙር ነው። አንዱ ወጥቶ ሲያልቅ ሌላው እየገባ በ75 ሰከንድ አንዴ ብትለቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ የፊተኛው ሳይወጣ ሌላውን እያስገባችሁ በ40 ሰከንድ አንዴ ብትለቁ አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ። እንደዛ ለመልቀቅ ግን መንገዱ ከራሱ ጋር የማይገናኝ መሆን አለበት፣ ሁለት መኪና በምንም ምክንያት አንድ ቦታ ላይ መገናኘት የለበትም፣ መኪና የሚያስቆም ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ደግሞ በየጣቢያው (ኮን የሚያነሱት ሰዎች በሚቆሙበት ቦታ) ይቁም። ባንዲራ የሚይዝ ሰው ካጠራችሁ አንድ አንድ መኪና ብቻ ልቀቁ፣ ዙር ይቀነስ።

ሌላው ጊዜ የሚበላው መነሻው ላይ ነው፣ ሄልሜት የሚፈልግ፣ ጎማ የሚነፋ፣ ስልኩን የሚያነሳ። አንዱ ሲነሳ ሦስት መኪና ተዘጋጅቶ ከኋላው ይቆማል። ፍተሻውም ከመስመሩ በፊት ይለቅ፦ ባትሪው ታስሯል ወይ፣ የጎማ ብሎን ጠብቋል ወይ፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ይሰምጣል ወይ፣ ጋዙ ሲለቀቅ ይመለሳል ወይ፣ ውስጥ የተቀመጠ ክሪክ፣ ጄሪካን፣ የውሃ ጠርሙስ አለ ወይ። ጠርሙስ ፍሬን ስር ከተንከባለለ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ መኪና አይገባም፣ ሚኒባስ አይገባም፣ ባጃጅ በጭራሽ አይገባም፣ ቢለምኗችሁም ቢቆጧችሁም።

መኪናው አይጎትትም ወይ ይፈላል

ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። የአዲስ አበባ ልጆች ያን ያህል አይታወቃቸውም፣ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በርን ወጥቶ የመጣ ግን ሞተሬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። ኢንጀክሽን ከሆነ የቤንዚኑን መጠን መኪናው ራሱ ያስተካክላል፣ ዝም በሉት። ካርብራተር ከሆነ ግን ካንዴላውን አውጡና እዩ፣ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፣ መካኒኩ ያሳንስለት።

መፍላቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃውን ከዛ በላይ ችሎ የሚያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። አንድ መኪና ብቻ በየዙሩ የሚፈላ ከሆነ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስፈታታችሁ በፊት የክዳኑን ላስቲክ እዩ፣ ተሰነጣጥቆ ወይ ደርቆ ከሆነ እሱን ቀይሩ። ሞተሩ ሳይበርድ ግን ክዳን አይከፈትም፣ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ዳገት ወጥቶ የመጣም ወዲያው ወደ መነሻ አይሂድ፣ ትንሽ ይረፍ።

ጎማው ጠዋት ጥሩ ነበር ከሰዓት ይንሸራተታል

ጥቅምትና ህዳር ላይ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ከሰዓት ፀሐይ ነው። በየ5 ወይ 6 ዲግሪው የጎማ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይለወጣል፣ ስለዚህ ጎሚስታው ጠዋት የሞላው ከሰዓት ሌላ ቁጥር ነው፣ ዙሩ ራሱ የሚያሞቀው ሳይቆጠር። ጥሩ ዘዴ አለ፣ የጎማው ትከሻ ላይ ከመርገጫው እስከ ጎኑ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩና አንድ ዙር ንዱ። ጠመኔው ወደ ጎኑ ወርዶ ከተፋቀ ጎማው እየተኛ ነው፣ 2 ጨምሩ። መርገጫው ጠርዝ ላይ ሳይነካ ከቀረ በዝቷል፣ 2 ቀንሱ።

ንፋሱ ኮን ይወስዳል

ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የደብረ ብርሃንን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ኮን ላይ ድንጋይ አትጫኑ፣ መኪና ስር ገብቶ ካርተሩን (የሞተሩን የዘይት ቋት) ይበሳል ወይ ተፈናጥሮ ሰው ይመታል። ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ከአሮጌ ጎማ ጎን ላይ ቀለበት አስቆርጡና ከላይ አጥልቁበት፣ ከባድ ነው፣ ቢረገጥም ምንም አያደርግም።

በግና ልጅ ሜዳው ውስጥ ይገባል

ይሄ የሁሉም ሜዳ ችግር ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሜዳው ከናንተ በፊት የሰው መንገድ ስለነበረ ነው። ገመድ ብቻ መዘርጋት አይሰራም። ከሳምንት በፊት ሄዳችሁ ሰው በየት በየት እንደሚያቋርጥ እዩ፣ እረኞቹንና የሰፈሩን አባቶች አናግሩ፣ እያንዳንዱ የእግር መንገድ ላይ ባንዲራ ያለው ሰው አቁሙ። የሚያቋርጥ ሲመጣ ውድድሩ ይቁም፣ እናትየው ለምን ቆማችሁ ልጆቼ እስኪሉ ድረስ ይቁም። የገበያ ቀን አታድርጉት፣ እሁድ ከሆነ ቅዳሴ ሳያልቅ ሞተር አታስነሱ። ከከተማ አስተዳደሩና ከትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ ያዙ፣ ኢንሹራንሳችሁን ደግሞ አንብቡ፣ ብዙ ውል ውድድርን ከሽፋን ያወጣል።

ብርዱን ለመስበር የሚል ሰው

አረቄ የቀመሰ በዛን ቀን አይነዳም፣ ጎን ላይም አይቀመጥም፣ አንዲት መለኪያም ብትሆን። ጓደኛም ይሁን ስፖንሰር። ምክንያቱ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ጠዋቱ ስለሚበርድ ነው፣ ስለዚህ ትኩስ ሻይና ቡና ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ይኑር።

የነዳው ሰው ባንዲራ ሳይዝ ይጠፋል

በሁለት ቡድን ክፈሉት፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ኮን ያነሳል ከዛ ይለዋወጣሉ። ምዝገባ ላይ ጣቢያው ስሙ ጎን ይጻፍ፣ ጣቢያው ላይ ካልተገኘ የነዳው ሰዓት ከዝርዝሩ ይወጣል። አንዴ ከሰረዛችሁ ሁለተኛ ጊዜ አያስፈልግም።